ከእናቱ ጎን

ሚያዝያ 3

ነፋስ። ከጠዋት እስከ ማታ ነፋስ። የሉተራኖቹ መቃብር ውስጥ ድንጋይ ስናጥብ ዋልን። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ማርጆሪ ይህንን በየሳምንቱ ትነግረናለች፣ እኛም በየሳምንቱ ገና እንደሰማ ሰው ራሳችንን እንነቀንቃለን። የታሪክ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ አንገቷ ረዝሟል። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ያው ጡረተኛ ሁሉ። ደሞዝ የለን፣ ሹመት የለን... እርስ በርስ መናናቅ ብቻ ነው የተረፈን።

ምሳ ላይ ኮላች፣ ፕሪም የተሞላ የቼኮች ዳቦ፣ አቀረበች። ድርቅ ያለ። "ትናንት የጋገርኩት ነው" አለች። የትኛው ትናንት?

ከሰዓት ሽቦዎቼን አወጣሁ። ድንጋይ የሌላቸውን ሙታን ለመፈለግ። ከልብስ መስቀያ ቆርጬ ያጠፍኳቸው ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ ሌላ ምንም የላቸውም። ላላ አድርጎ ይዞ ቀስ እያሉ መራመድ ነው። ከሥር ሰው ካለ ይጠላለፋሉ። ከዚያ አንዱን ብቻ ይዞ መቆም። ወደ ግራ ከዞረ ሴት፣ ወደ ቀኝ ከዞረ ወንድ። እናቴም በዚሁ ነበር የምትፈልገው። በዚህ አውራጃ እጅ ያላት ግሌኒስ ናት ይላሉ። እኔ አላልኩም... እነሱ ናቸው የሚሉት። ማርጆሪ የሚያብረቀርቅ የናስ ዘንግ ገዝታለች። ሰው የሚጠራው ግን እኔን ነው። እሱ ነው የሚያቃጥላት።

ሚያዝያ 11

ኤሚል ሆራክ ማኅበሩ ክፍል መጣ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቆቡን በሁለት እጁ እያሻሸ በሩ ላይ ቆመ። ግባ እስኪሉት የሚጠብቅ ሰው በዚህ ከተማ እሱ ብቻ ቀርቷል።

"ግሌኒስ፣ አንቺ ልጅ፣ እናቴን ፈልጊልኝ።"

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ልጅ የሚለኝ ሰው ከሰማሁ ቆየሁ። ደስ አለኝ መሰለኝ።

እናቱ አኔሽካ ትባላለች። በድርቁ ዘመን አባትየው ጥሏቸው ጠፋ። እሷ ሳንባዋን ታመመችና አውራጃው ችግረኞችን የሚያኖርበት የድሆች እርሻ አስገባት፣ እዚያው ሞተች። ኤሚል ያኔ አራት ዓመቱ። ለድሆች እርሻ ሙታን ድንጋይ አይቆምም ነበር፤ መዝገቡም ከሕንፃው ጋር ተቃጥሏል። የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። አጎቱ ቀብሩን እንዲያይ ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፣ አንዱ ጫማው ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ማንም አላነሳለትም።

"ላገኛት ብቻ አይደለም። አጠገቧ ልቀበር ነው።"

"ባለቤትዎስ?"

ሚስቱ ሉድሚላ የተቀበረችው ቅዱስ ቬንሰስላስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የእሱም ስም ከስሟ ጎን ተቀርጿል፣ የልደት ዓመቱም ተጽፏል። የሞቱ ዓመት ብቻ ነው የቀረው። እንደ ሁላችንም።

"ሉድሚላ ስልሳ ዓመት አብራኝ ተኝታለች፣ ይበቃታል" አለ። "እናቴ ግን ብቻዋን ናት።"

ማርጆሪ ከጠረጴዛዋ ጆሮዋን አቁማ ነበር። "እኔ እፈልግልዎታለሁ" አለች ፈጠን ብላ።

"እኔን ነው የጠየቀው" አልኳት።

ሚያዝያ 19

የድሆች እርሻ መቃብር። መቃብር ከተባለ... በበቆሎው ማሳና በመንገድ ሥራው ግቢ መካከል የቀረ የሣር ቁልቁለት ነው። ኤሚል ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የእኛን ውድድር ሊያይ።

ማርጆሪ በአጥሩ በኩል ጀመረች። ናሷ ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ። "አገኘኋት!" አለች ገና ሳትራመድ። አንዱን ዘንግ ይዛ ቆመች፣ ወደ ግራ ዞረላት።

እኔ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጀመርኩ። ሽቦዎቹ መሐል ላይ መስቀል ሠሩ። አንዱን ያዝኩ። ወደ ግራ። ደግሜ ሄድኩ፣ እዚያው። ሦስተኛ፣ እዚያው። ትንሿን ቀይ ባንዲራ ተከልኩ።

"ያ ወንድ ነው" አለች ማርጆሪ ከሩቅ።

"ወንድ ከሆነ አንቺ ቀድመሽ ባገኘሽው ነበር" አልኳት።

ኤሚል አልሳቀም። ወደ እሷ ባንዲራ አየ፣ ወደ እኔ ባንዲራ አየ። "ግሌኒስ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"በጨለማ የወጥ ቤቴን ማብሪያ እንደማገኘው።"

ተነስቶ መጣ። ቆቡን አወለቀ። መንበርከክ ፈልጎ አቃተውና በምርኩዙ ተደግፎ ጎንበስ ብሎ በቼክኛ የሆነ ነገር አወራ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ማርጆሪን ነበር የማየው። ናሷን ጨርቅ ውስጥ ስትጠቀልል።

ግንቦት 2

አውራጃው ፈቀደለት። እዚያ ሰው ከተቀበረ ስንት ዘመኑ... ማን ይከለክለዋል? ለእናቱ ድንጋይ አዟል። ባንዲራዬ በቆመበት ይቆማል።

ምሽት ላይ ሮዛሊ መጣች፣ የኤሚል ልጅ። ፋርማሲ የምትሠራዋ። አልቀመጥም አለች።

"ሚስስ ክራል፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንዎት። 'እርግጠኛ አይደለሁም' ይበሉት። ሌላ ምንም አይበሉ። እሱ እርስዎን ነው የሚያምነው።"

"እርግጠኛ ከሆንኩስ?"

"በሁለት ሽቦ?" አለች። ከዚያ እንደ መደንገጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እናቴ እየሞተች፣ ና ከጎኔ ቦታህን ይዤልሃለሁ ብላዋለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። አሁን ብቻዋን ልትቀር ነው።"

ሁለት ሽቦ ያለችው ነገር አናቴ ላይ ወጣ። "አባትሽ እናቱን መረጠ። አንቺ ምን ያስለቅስሻል? የአንቺ እናት ቢያንስ ድንጋይ አላት" አልኳት።

ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ እንዳይጮኽ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይውጣ።

ግንቦት 27

የሙታን መታሰቢያ ቀን። ከተማው ሁሉ ፒዮኒ አበባ ታቅፎ መቃብር ለመቃብር ሲዞር ዋለ። የኤሚል ጓሮ ፒዮኒ ዘንድሮ ደህና አበበ። ለሁለት ከፈለው አሉ፣ ግማሹን ለሉድሚላ፣ ግማሹን ለአዲሱ ድንጋይ። ሰው ያየው ግን ትልቁ እቅፍ ለማን እንደሆነ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሳንድዊች እየበላን ማርጆሪ፣ "በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ጡት ፍለጋ ወጣ" አለች። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኤሚል ከኋላዬ ሰሐኑን ይዞ ቆሞ ነበር። የጆሮው መሣሪያ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ዛሬ ይሥራ አይሥራ አላወቅሁም። ሰሐኑን አስቀምጦ ወጣ... ሳይበላ።

ሰኔ 8

ድሆች እርሻው መቃብር ብቻዬን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ። ሮዛሊ "በሁለት ሽቦ?" ያለችው ነገር አልለቅ ብሎኝ ይሆን?

ዓይኔን ጨፈንኩ። ድንጋዩ የት እንዳለ እንዳላውቅ መጀመሪያ ቦታዬ ላይ ዞርኩ ዞርኩ፣ ከዚያ ተራመድኩ። ሽቦዎቹ ተጠላለፉ። ዓይኔን ስገልጥ ከድንጋዩ ሩቅ ነኝ፣ ማሳው ጠርዝ ላይ። እንደገና ጨፈንኩ። ሌላ ቦታ። እንደገና። የመኪናዬ ጎማ ሥር።

የእጄ ላብ ነው። ሙቀቱም ነበር። ደግሞ በጨፈነ ዓይን ማን መቃብር ፈልጎ ያውቃል? እናቴ ጨፍና አታውቅም።

ሰኔ 9

ለኤሚል ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ልለው? "ተሳስቼ ይሆናል"? ቢበዛ ነገ ማርጆሪ ጋ ይደርሳል። ከነገ ወዲያ ዳቦ ቤት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። የግሌኒስ እጅ ከዳት ይላሉ።

ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 14

ኤሚል ሆስፒታል ገባ። ልቡ ነው አሉ። ላየው ሄድኩ። ሮዛሊ ስታየኝ ተነስታ ወጣች። በጎኔ ስታልፍ ትከሻዋ እንዳይነካኝ ሰበሰበችው።

ፊቱ ትራስ ውስጥ ሰምጧል። እጄን ያዘኝ። ሽቦ የምይዝበትን።

"ግሌኒስ፣ ራስጌዋ በየት በኩል ነው?"

"በምዕራብ" አልኩ። የክርስቲያን ሁሉ ራስጌ በምዕራብ ነው፣ ያንን እንኳ አልዋሸሁም።

"እንግዲያ በግራዋ ያድርጉኝ። ስንተኛ በግራዋ ነበርኩ። ግድግዳው በቀኝ ስለነበር... በረዶ ይሆን ነበር ግድግዳው። እሷ ነበረች ወደ ግድግዳው የምትሆነው።" ትንፋሹ አጠረው። ጠበቅሁት። "ይኸን ለሉድሚላ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣ ማርጆሪ የለችም፣ እሱና እኔ ብቻ። አፌን ከፈትኩ። ዓይኑ ላይ ያየሁት ነገር... በሕይወቴ እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም። ባሌም። ፈራሁ። እሱን ማጣት አይደለም የፈራሁት። ያንን አስተያየት ነው።

"በግራዋ" አልኩት። "እኔ ራሴ ቆሜ አሳያለሁ።"

ሐምሌ 22

በድሆች እርሻ በኩል ሳልፍ ማርጆሪን አየኋት፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች ጋር። እንደ ሣር ማጨጃ የሚገፋ ማሽን ይዘዋል። መሬት ውስጥ ያያል አሉ። የሣሩን ቁልቁለት ሲጨርሱ ወደ መንገድ ሥራው ግቢም ገቡ።

መኪናዬን አቆምኩ። "ምን አየ?"

"ኮምፒዩተር ላይ ካልተሠራ አይታወቅም አሉ፣ ጊዜ ይፈልጋል" አለች ማርጆሪ። ፈገግ እያለች። ያንን ፈገግታ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እርሳሴን ከሰረቀችኝ ጊዜ ጀምሮ።

ነሐሴ 5

ኤሚል ዛሬ ጠዋት ሞተ።

ነሐሴ 8

ቀበርነው። እንዳልኩት ቆሜ አሳየሁ። በግራዋ።

በዚህ ድርቅ፣ በቆሎው ቅጠሉን እየጠቀለለ፣ ጉድጓዱ ሥር ውሃ አቆረ። ቆፋሪው ባልዲ እያወረደ ቀዳ። "ይኼ ውሃ ከየት መጣ?" አለ ለራሱ። ቄሱ ጠበቁ። ሮዛሊ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ እኔን። ሳጥኑን ጭቃ ላይ አወረዱት። ሲያርፍ ጭቃው ድምፅ አወጣ።

ከቀብር በኋላ አንዲት ሴት መጥታ፣ "ግሌኒስ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጅን ከእናቱ አገናኘሽ" አለችኝ። አመሰገንኩ።

ነሐሴ 13

ስብሰባ። ማርጆሪ ሮዛሊንም ጠርታታለች፣ "ስለ ቤተሰብሽ ታሪክ ነው" ብላ። ክፍሉ ሞልቷል። እኔን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ የማሽኑ ፎቶ በራ። ግራጫ፣ መስመር መስመር ያለው። ማርጆሪ በናስ ዘንጓ ታሳያለች። በዘንጓ! "መቃብሮቹ እነዚህ ናቸው" አለች። በረድፍ በረድፍ፣ ጠቆር ጠቆር ያሉ። ቁልቁለቱ ላይ አንድም የለም። ሁሉም የመንገድ ሥራው ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ለበረዶ የሚበተነው ጨው የሚከመርበት ሥር። ስንት ዘመን የጭነት መኪና ሲመላለስባቸው።

"ይህችኛዋ ደግሞ" አለች፣ ዘንጓን ኤሚል የተቀበረበት ቦታ ላይ አድርጋ፣ "ይህች ቀጥ ያለች መስመር የድሆች እርሻው የልብስ ማጠቢያ እጣቢ የሚሄድበት የሸክላ ቱቦ ናት። እስካሁን ውሃ ታሳልፋለች።"



"የእኔም ባንዲራ ሥር ምንም የለም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ" አለች፣ ድምጿን እንደ ቄስ አለስልሳ። "እኔ ግን ማንንም አላስቀበርኩም።"

ሁለት ሰው ሳቀ። በጨለማ ስለሆነ እነማን እንደሆኑ አላየሁም።

መብራት ሲበራ ሮዛሊ ቆማለች። እኔን አላየችም። "ማርጆሪ፣ ውጤቱ መቼ ነው የደረሰሽ?"

"እ... ሐምሌ መጨረሻ ላይ መሰለኝ።"

"አባቴ በሕይወት እያለ።"

"በመጨረሻው ሰዓት ሰላሙን ላለመንሳት ብዬ ነው፣ የእኔ ልጅ።"

"ሰላሙን" አለች ሮዛሊ። ከዚያ ማርጆሪን ትክ ብላ አየቻት።  የማርጆሪ አንገት ከሥር እስከ ላይ ቀላ። ኮቷን ይዛ ወጣች ሮዛሊ።

እኔ ምን ተሰማኝ? እዚህ ካልዋሸሁ... ደስታ። ማርጆሪም ተያዘች አልኩ። ለዚህ ስብሰባ ብላ ሰውየውን ቱቦ ላይ አስተኛችው፤ ከእኔ አትሻልም። መኪናዬ ውስጥ እስክገባ ድረስ ይህ ነበር የተሰማኝ። መኪናዬ ውስጥ ግን ያ የጭቃው ድምፅ መጣብኝ።

ነሐሴ 20

ማኅበሩ ክፍል አልሄድኩም። ማንም አልደወለም። ማርጆሪ ግን ሥራ ላይ ናት አሉ። ስለ ማሽኑ ጋዜጣ ላይ ወጣች፣ ከናሷ ጋር።

መስከረም 4

ከደጄ የመኪና ጡሩምባ። ሮዛሊ ናት። ሞተሩን አላጠፋችም።

"ሽቦሽን ይዘሽ ግቢ።"

አንቱታው ቀረ።  ገባሁ።

 ቅዱስ ቬንሰስላስ ግቢ ውስጥ አቆመች፣ ሉድሚላ ጋ ወሰደችኝ። በግራ የሉድሚላ ስም፣ ከልደቷና ከሞቷ ዓመት ጋር። በቀኝ ኤሚል፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ ልሙጥ ድንጋይ። ከሥሩ ማንም ቆፍሮት የማያውቅ ሣር።

"አውጥተሽ ወደዚህ አምጪው" አልኳት። "አውራጃው ይፈቅዳል። እኔም እመሰክራለሁ፣ ስህተቱ የእኔ ነው እላለሁ።"

"ኑዛዜ አስጽፏል። 'ከእናቴ ጎን ማንም እንዳያነሳኝ' ብሎ። ጠበቃ ፊት እጄን አስመትቶ አስምሎኛል።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። "ሞቶም አንቺን ነው ያመነው። እኔን አይደለም፣ እናቴን አይደለም። አንቺን።"

በእጇ ወደ ባዶው ሣር አመለከተች።

"ሂጂበት።"

"ሮዛሊ..."

"በባዶው ላይ ሂጂበት። ልይሽ።"

ሽቦዎቹን ያዝኩ። እጄን አጠንክሬ፣ እንዳይንቀሳቀሱ ብዬ በሙሉ ልቤ። ከሉድሚላ በኩል ተነስቼ ወደ ባዶው ተራመድኩ። ኤሚል እዚህ መሆን ነበረበት እያልኩ። እዚህ በሆነ እያልኩ... ሽቦዎቹ ተጠላለፉ። ልክ ስሙ ፊት ለፊት።

"አንዱን ያዢ" አለች።

ያዝኩ። ዞረ።

"ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ" አልኩ።

ሳቀች። እንዲያ ዓይነት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፣ ማንም አይስማ። ሽቦዎቹን ከእጄ ነጥቃ መኪናዋ ውስጥ ወረወረች። ምንም የለም ከሥር። ኖሮም አያውቅም። እጄ ነው። ሁልጊዜም እጄ ነበር፣ የፈለግሁትን የሚያደርግልኝ። ስንት ሰው አስለቅሻለሁ በሣር ላይ? ስንት ድንጋይ አስቆምኩ?

"እሁድ እሁድ እሷ ጋ እመጣ ነበር፣ ከእሱ ጋር" አለች ሮዛሊ። "አሁን እሱ ጋ መሄድ አለብኝ። እዚያ ጭቃው ላይ ማንም የለውማ። እዚህ ደግሞ አንቺ ትመጫለሽ። ባዶው ላይ ትቆሚላታለሽ። ቃል ግቢ።"

ገባሁ።

ጥቅምት 6

እሁድ። ሄድኩ። ብርድና ካፊያ። ከቅዳሴ የወጡ ሰዎች አዩኝ፣ ሰላም ያለኝ የለም። ማርጆሪ ጃንጥላዋን አዙራ አለፈች።

ባዶው ሣር ላይ ቆምኩ። ሮዛሊ እመጣለሁ አላለችም ነበር። መጣች። መኪናዋን በአጥሩ በኩል አቁማ ሳትወርድ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

ምን ይባላል ለሙት? ስንት ዓመት በሙታን ላይ ስራመድ አንዳቸውን አናግሬ አላውቅም። እግሬን በረደኝ። ቀስ ብዬ፣ "ሉድሚላ" አልኩ። "ባልሽን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። እናቱ እዚያ አልነበረችም። አላውቅም ነበር። አለማወቄን ደግሞ አውቄ ነበር፣ እሱ ሳይሞት።"

"ጮክ በይ" አለች ሮዛሊ ከመኪናው።

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ዞር አሉ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።